የአቢሊዮ ድንጋይና የእኔ ሽቦ

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ። የባሌ እናት ሆድ ግን ዥንጉርጉር አልነበረም፤ ሁለቴ አምጦ ሁለቴም ያንኑ ግትር ሰው ነው የወለደው። ታናሹን፣ አርቱርን፣ እኔ አገባሁት። ታላቁ አቢሊዮ ማንንም ሳያገባ፣ ከአሜሪካዋ ሮድ አይላንድ ጠረፍም ሳይርቅ ስልሳ ዓመት አለፈው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ከልጅነታቸው ጀምሮ ወንበር በምንለው ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ነው ባለመስመር የምንለውን ትልቅ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩት። ወንበር ከአሸዋው ትንሽ ገባ ብሎ ባሕሩ ውስጥ የተቀመጠ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ድንጋይ ነው። በእሱና በአሸዋው መካከል ጉሮሮ የምንለው ቦይ አለ። ባሕሩ ሲሸሽ ጉሮሮ ከጉልበት አያልፍም፤ ሲሞላ ግን ሰው ይውጣል። ወንበር ላይ የወጣ ሰው ሙላቱ ሳይቀድመው መመለስ እንዳለበት በሰፈራችን የማያውቅ የለም።

ከሦስት ዓመት በፊት አቢሊዮ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ድንጋይ የአንድ ሰው ነው» አለና ባሌን አባረረው። ጠብ የለ፣ ምክንያት የለ። አርቱር ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ «እንግዲያው በስሜ ጠርተህ ካልጋበዝከኝ እግሬ አይረግጠውም» ብሎ በአባቱ መቃብር ማለ። እኔ ይሄ ነገር ሳምንት አይቆይም ብዬ ነበር። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ እነሱ ምላጩን ውጠው ሦስት ዓመት በሆዳቸው ይዘውት ዞሩ።

በእኛ ዳርቻ ደግሞ ሕግ አለ። የተጻፈ አይደለም፣ ከተጻፈው ግን ይብሳል። ሰው የቆመበት ድንጋይ ላይ ሳይጠሩ አይወጣም። ሚስቱን የወሰደበትን ሰው ይቅር ያለ አውቃለሁ፤ ድንጋዩ ላይ የወጣበትን ይቅር ያለ ግን አላየሁም።

እኔ ከሁለቱ መካከል ሾርባ አመላላሽ ሆንኩ። እሑድ እሑድ የጎመንና የቋሊማ ሾርባ ስሠራ ለአቢሊዮም እወስዳለሁ። አርቱር አልከለከለኝም። «ጎመኑ ምን አጠፋ?» ነው ያለኝ።

ታዲያ አንድ እሑድ በጓሮ በር ስገባ አቢሊዮን ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ አገኘሁት። ከፊቱ ለማጥመጃ የሚሆን የሞተ እባብ ዓሣ ተጋድሟል፣ እጁ ላይ ረጅም የማሰሪያ መርፌ አለ። መርፌው ከዓሣው ሆድ ማብቂያ ገብቶ በአፉ በኩል መውጣት ነበረበት። እሱ ግን የሚወጋው ጠረጴዛውን ነበር። ሁለቱም እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። ወፍጮ ላይ እንደተቀመጠ ስኒ ነው የሚንቀጠቀጡት። ቀና ብሎ ሲያየኝ እጆቹን ከጠረጴዛው ስር ደበቃቸው፤ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ እንደ ሌባ ልጅ።

«ለአርቱር ብትነግሪው ቀብሬ ላይ እንዳትቆሚ» አለኝ።

«ሐኪምስ አየህ?»

«አየኝ። አይድንም አለ። አይገድልምም አለ። በይ ሾርባውን አስቀምጪና ሂጂ።»

ሾርባውን አስቀመጥኩ፣ ለአርቱር እንደማልነግረውም ማልኩለት፣ ግን አልሄድኩም። መርፌውን ከእጁ ተቀብዬ እባቡን መንጠቆ ላይ አሰርኩለት። ከዚያ ቀን ወዲህ የአቢሊዮን እባቦች የማስረው እኔ ነኝ። አርቱር በሰፈራችን ላለው የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ የማስር ይመስለዋል። እሑድ እሑድ ከሾርባው ድስት ስር፣ ጨው ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፉ እባቦች በማሰሮ ይዤ እሄዳለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሁለት ዓመት ኖርኩ።

አስተሳሰሩን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። የሞተው እባብ ዓሣ ቆዳው እንዲጠነክር ጨው ውሃ ውስጥ ይከርማል። ከዚያ አንዱ መንጠቆ ከአገጩ ስር፣ ሁለተኛው ከሆዱ ማብቂያ ላይ ብቅ እንዲል ተደርጎ ይታሰራል፤ አፉም በሰም በተነከረ ክር ይሰፋል። ሁለቱን መንጠቆዎች የሚያያይዘው ነገር ሆዱ ውስጥ ስለሚቀር ከውጭ አይታይም። ሰው ሁሉ በጠንካራ ክር ነው የሚያያይዘው፤ አቢሊዮም ዕድሜውን ሙሉ በክር ነበር። እኔ ሽቦ አደረግሁለት። ጥርሳሙ ሰማያዊ ዓሣ መጥቶ እባቡን ከወገቡ ሲበጥስበት፣ በዚያ እጁ ድንጋይ ላይ ቆሞ ሌላ መቀየር ያቅተዋላ። ሽቦ ከሆነ ግን ያው አንዱ እባብ ቀኑን ሙሉ ያገለግለዋል። በሥራዬ እኮራ ነበር፤ በጥርስም በቢላም የማይበጠስ ነገር ነው የሠራሁት።

በጥቅምት ማለቂያ ላይ፣ ሩቅ ባሕር ውስጥ ማዕበል ተነስቶ ትልልቅ ሞገድ ወደ እኛ ይልክ በነበረ ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔና አርቱር አሸዋው ላይ ቆመን መንጠቆ እንወረውራለን። ባለመስመሩ ወደ ደቡብ የሚሄድበት ወቅት ስለሆነ ባሕሩ በዓሣ ተሞልቷል። አቢሊዮ ወንበር ላይ ብቻውን ነው። ከእኛ ወዲያ ሌሎች ሦስት ሰዎች አሉ። ጭጋጉ ዝቅ ብሎ፣ ባሕሩም መሙላት ጀምሯል።

እኔ ዓይኔ ከአቢሊዮ ላይ አይነሳም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ልማዴ ነው። ድንገት መወርወር እንዳቆመ አየሁ። በባሕሩ በኩል ካለው ዝቅተኛ ጠርዝ ላይ ተንበርክኳል። ቀኝ ክንዱ እስከ ትከሻው ወደ ውሃው ወርዷል።

«አርቱር፣ ወንድምህ መወርወር አቁሟል።»

«ዓሣ ይዞ ነዋ» አለ ዞር ሳይል።

«የማጥመጃ ዘንጉን ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ሰክቶታል። ዓሣ የያዘ ሰው ዘንጉን ይሰካል?»

«ዓሣውን አውጥቶ ከመንጠቆው እየፈታው ነው እንግዲያ።»

«ይህን ያህል ጊዜ? ሚስት ነው እንዴ የሚፈታው?»

አርቱር ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ ግን አልሳቀም። ጉሮሮን አየሁት። መጀመሪያ ስንመጣ ታችኛው ድንጋይ ይታይ ነበር፤ አሁን የለም። አንድ ሞገድ መጥቶ ወንበርን አለበሰውና አቢሊዮ ከእይታ ጠፋ። ሲሸሽ እዚያው ተንበርክኮ ነው ያገኘሁት። ቆሞ ወደ ኋላ መሸሽ ነበረበት፤ ማንም ሰው ይሸሻል።

«አርቱር፣ የሆነ ነገር ይዞታል። መነሳት አልቻለም።»

«ቢቸግረው ይጠራ ነበር።»

«እሱ? ይጠራል? ማንን?»

«እኔ ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ እያየ ምን አለኝ? ስሜን ጠርቶ ይጋብዘኝ፣ በሩጫ እሄዳለሁ።»

ወዲያ ያሉት ሦስት ሰዎች ዘንጋቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ወንበር ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ አንዱ አንገቱን ሰበረ፣ ሌሎቹም ፊታቸውን መለሱ። ሰውዬው በድንጋዩ ላይ የሚያደርገው የራሱ ጉዳይ ነው ማለታቸው ነው። ጨዋነት እንዲህ አድርጎ ሰው ይገድላል።

ዘንጌን አሸዋው ላይ ጣልኩት። አርቱር ክንዴን ያዘኝ።

«ዙልሚራ! አንቺ ከወጣሽ እኔ ወጣሁ ማለት ነው። ሚስቱን ላከብኝ ይላል!»

«ብሎ ይሙት!» አልኩት። «አንተም ብለህ ሙት! ሁለታችሁንም አንድ ጉድጓድ ውስጥ እቀብራችኋለሁ፣ እዚያ ተኳረፉ!»

ክንዴን መንጭቄ ጉሮሮ ውስጥ ገባሁ። ውሃው ወገቤ ጋ ደረሰ፣ ከዚያ ደረቴ ጋ። ብርዱ ትንፋሼን ቆረጠው። ከሥሩ ሹል ብረት ያለው ጫማዬ ድንጋዩን ሲነክስልኝ በሁለት እጄ የባሕር ሣር ጨብጬ ወጣሁ። በአርባ አምስት ዓመቴ፣ የሰው ድንጋይ ላይ ሳልጠራ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። አቢሊዮ ዞር ብሎ አየኝ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል።

«ማን ጠራሽ?» አለኝ።

ስድብ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ግን ክንዱን ተከትዬ ወደ ውሃው ሳይ ስድቡ ጠፋኝ። የአራት ዓመት ልጅ የሚያህል ባለመስመር ዓሣ ከጠርዙ ስር ይንፈራገጣል። የፊተኛው መንጠቆ መንጋጋው ውስጥ ነው። የኋለኛው ደግሞ የአቢሊዮ አውራ ጣት ስር ገብቶ እሾሁ ድረስ ተቀብሯል። ሁለቱን አንድ ያደረጋቸው እኔ ያሰርኩት እባብ ነው። ሞገድ በመጣ ቁጥር ዓሣው ይጎትታል፣ ክንዱ ይወጠራል፣ መንጠቆው ይጠልቃል።

«ፒንሳህስ?»

«ከእጄ ወደቀ።»

«ቢላህስ?»

«የእባቡን ቆዳ ቆረጠው። ሽቦውን ግን እምቢ አለው። ከዚያ እሱም ወደቀ።» ዓይኖቹን ከዓይኔ አሸሸ። «ጥሩ አድርገሽ ነው ያሰርሽው፣ ዋርሳዬ።»

በሕይወቴ እንደዚያች ምስጋና ያመመኝ ነገር የለም።

ዓሣውን በሁለት እጄ አቅፌ ልጎትተው ሞከርኩ። ከእኔ ይልቅ ባሕሩ በረታና መልሶ ሲስበው አቢሊዮ ጮኸ። ያ ሰው ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ሌላ ሞገድ ጭንቅላታችን ላይ ፈሰሰ። የእኔ ፒንሳ ከረጢቴ ውስጥ አሸዋው ላይ ቀርቷል። የአርቱር ፒንሳ ወገቡ ላይ ነው። አርቱር ደግሞ ጉሮሮ ጠርዝ ላይ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ጋ ደርሶ፣ ቢላውን መዝዞ ቆሟል።

«ምንድነው?» ብሎ ጮኸ። «ምን ያዘው?»

«የኋላ መንጠቆ! እጁን! ዓሣው ከነነፍሱ ነው!»

«ክሩን ቁረጪዋ! ቢላ ልወርውርልሽ?»

«ቢላ አይቆርጠውም! ሽቦ ነው!»

«ወንድሜ ሽቦ አይጠቀምም!»

አቢሊዮ በግራ እጁ ጃኬቴን ጨመደደኝ። «እንዳትነግሪው» አለኝ። ውሃው ደረቱ ጋ ደርሷል፣ ዓይኑ ውስጥ የማየው ፍርሃት ግን ከውሃው አልነበረም። «ምለሽልኛል፣ ዙልሚራ።»

መሐላ መሐላ እያሉ ሰው የሚያሰምጡ ወንድሞች! መሐላዬን ባሕሩ ውስጥ ተፋሁት።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት!» ብዬ ጮህኩ። «ሁለት ዓመት ሙሉ የሱን እባቦች የማስረው እኔ ነኝ! ውስጡ ሽቦ ነው! ፒንሳህን ይዘህ ና!»

አርቱር ባለበት ደረቀ። አንድ ሙሉ ሞገድ መጥቶ ሲያልፍ አልተንቀሳቀሰም። ምን እያሰበ እንደሆነ ከዚያ ርቀት አውቀው ነበር፤ እኔና ወንድሙ፣ ከጀርባው፣ ሁለት ዓመት። ዞሮ የሚሄድ መሰለኝ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት፤ ከባሕሩ ይልቅ ባሌን ፈራሁት።

«አርቱር! ድንጋዩ ላይ ነኝ! እኔ እየጠራሁህ ነው! ና ውጣ!»

ቢላውን አፎቱ ውስጥ ከተተና ገባ። ጉሮሮ አንገቱ ድረስ ዋጠው፣ አንዴ ጭንቅላቱ ጠፋ፣ ከዚያ ከጎኔ ብቅ ብሎ ውሃ እየተፋ ወጣ።

«ማን ጠራህ?» አለ አቢሊዮ። ሊሞት ነው፣ አሁንም ይጠይቃል።

«ድንጋዩ ላይ የቆመ ሰው ጠራኝ» አለ አርቱር። «ሕጉ ማን ይጥራ አይልም። እጅህን ወደ እኔ አምጣ።»

እኔ ዓሣውን በጉንጩ ቀዳዳ ይዤ በሙሉ ክብደቴ ተኛሁበት። አርቱር ፒንሳውን ውሃው ውስጥ አስገብቶ የተቀደደውን እባብ በጣቱ ዳሰሰና ሽቦውን አገኘው። ከመንጠቆው እስከ ዓሣው ያለው ሽቦ ከስንዝር አይበልጥም። ሊቆርጥ ሲል ሽቦው ከፒንሳው አፍ አመለጠው። እንደገና ያዘው፣ እንደገና አመለጠው።

«እጅህን አቁም!» አለ አርቱር።

አቢሊዮ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

«አቁም እኮ ነው የምልህ! ጣትህን ልቆርጠው ነው! አሁንም እልህ ነው? አሁንም?»

«አይቆምም!»

«እንዴት አይቆምም?»

«አይቆምም አልኩህ! ሦስት ዓመቱ ነው፣ አይቆምም!» አቢሊዮ እንደ ልጅ አለቀሰ። «አጠገቤ ብትቆም ታየው ነበር። ለዚህ ነው ያባረርኩህ። በቃ አወቅኸው! አሁን ወይ ቁረጥ ወይ ተወኝና ሂድ፣ ሚስትህን ይዘህ ሂድ!»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር። እጁ እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ፤ ድንጋዩን የከለከለው በእሱ ምክንያት መሆኑን ግን አላሰብኩትም። አርቱር እኔን አየኝ፣ ወንድሙን አየው፣ ውሃው ውስጥ ያለውን እጅ አየው። ያ እጅ ከመንጠቆው ጋር እየዘለለ ነበር። የሚቀጥለው ሞገድ ሲመጣ ሦስታችንም ድንጋዩን አቀፍን። ሲያልፍ አርቱር የወንድሙን ክንድ ብብቱ ስር ወሸቀ፣ በጎኑ ድንጋዩ ላይ ተጫነውና መላ ሰውነቱን ጣለበት። አቢሊዮ አቃሰተ። እጁ ቆመ።

ፒንሳው ቀጭ ሲል በጣቴ ተሰማኝ። ዓሣውን ለቀቅሁት። በጅራቱ አንዴ ሆዴን መታኝና የዘንጉን ክር በጥሶ ጠፋ፤ የፊተኛው መንጠቆና ግማሹ እባብ አብረውት ሄዱ።

መመለሱ ከመሄዱ ይብስ ነበር። ጉሮሮ አሁን ሙሉ ነው። አቢሊዮን መሃል አድርገን ቀበቶ ለቀበቶ ተያይዘን ዘለልን። እግሬ መሬት አላገኘም። ሞገዱ ወደ ወንበር መልሶ ሲወረውረን ትከሻዬን ድንጋይ መታው፣ አፌ በጨው ተሞላ። አለቀልን አልኩ። ከዚያ አንድ እጅ ጃኬቴን ከኋላ ያዘኝ። እነዚያ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጉሮሮ ድረስ ገብተው ነበር። ሕጉ ለድንጋይ እንጂ ለውሃ አይሠራም። እየጎተቱ አሸዋው ላይ ጣሉን።

ወደ ሐኪም ቤት ስንሄድ መኪናችን ውስጥ ሦስታችን ከፊት ተደርድረን ተቀመጥን። እኔ እነዳለሁ፤ አቢሊዮ መሃል ነው፤ አርቱር በበሩ በኩል። መንጠቆው አሁንም አቢሊዮ እጅ ውስጥ ስለሆነ በፎጣ ጠቅልለነዋል። ማሞቂያው ቢከፈትም ጥርሳችን ይጋጫል።

«ለእሱ ሽቦ፣ ለእኔ ክር?» አለ አርቱር ሰፈሩን ግማሽ ስናልፍ።

«አንተ የሚታዘዝ ጣት አለህ» አልኩት።

ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን የወንድሙን የታሰረ እጅ ከጭኑ ላይ አንስቶ በሁለት እጁ ያዘው። እጁ ከነፎጣው ይንቀጠቀጣል፤ የአርቱርም እጆች አብረው ይንቀጠቀጡ ጀመር።

«ልቀቀው» አለ አቢሊዮ።

«አለቅም።»

«በብርዱ ነው የሚመስልህ? አይደለም እኮ። ቤትም ውስጥ እንዲሁ ነው። ምግብ ይደፋብኛል፣ አርቱር። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተኛል።»

«እሺ።»

«ልቀቀኝ፣ የትራፊክ መብራቱ ጋ ልንደርስ ነው። ሰው ያየናል።»

«ይየና» አለ ባሌ፤ እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ ነበር። «ሦስት ዓመት እኮ ምን አደረግሁት እያልኩ ነው የኖርኩት።»

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስንደርስም አርቱር አልለቀቀውም፤ እንደተያያዙ ነው የወረዱት። በሩን የከፈተችልን ነርስ የተጎዳው የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነበረባት።